የፑንጉላም ታላቅ እህት

አብረው የሚያዜሙ እህትማማቾች ባሉበት ሁሉ አንዷ ታላቅ ናት፤ ሌላዋ የታላቋ ንብረት። የተለየ አጋጥሞኛል የሚል ካለ፣ ታላቋን ጠጋ ብሎ አላያትም።

እኔ ጠጋ ብያለሁ። በመንደራቸው ስም የሚጠሩት የፑንጉላም እህትማማቾች ሕንድ ውስጥ ማይላፑር መድረክ ላይ በተቀመጡ ቁጥር፣ ከኋላቸው ታምቡራ የሚባለውን ረጅም የክር መሣሪያ ታቅፌ አራቱን ክሮች በየተራ እነካለሁ፤ ዜማቸው የሚነሳበትና የሚመለስበት ድምፅ እንዳይቋረጥ። ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላም በደንብ መሥራቴን እጠራጠራለሁ። ክሮቹ ሲያንጎራጉሩ ግን ማራገቢያው፣ የሰዉ ሐር፣ የጃስሚኑ ሽታ፣ ሁሉም ቀስ ብሎ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ይመስለኛል።

ከዚህ ሕልም የሚቀሰቅሱን ክብርት ታላቅ እህት፣ እትዬ አላሜሉ ናቸው።

ታናሻቸው ራጃም ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው። ፀጉሯን የሚያበጥሩላት፣ የሳሪዋን ቀለም የሚመርጡላት፣ በረዶ የነካው ነገር እንዳትቀምስ የሚጠብቋት እሳቸው ናቸው። አንድ ጋዜጠኛ ራጃምን «ከሁሉ የሚወዱት የትኛውን ነው?» ሲላት፣

«ሩዝ በእርጎ» አሉ እትዬ አላሜሉ።

«እትዬ፣ ስለ ዜማ እኮ ነው የጠየቀኝ!»

«እሱንም እኔ እነግረዋለሁ። አንቺ ጉሮሮሽን አሳርፊ።»

መድረክ ላይ ራጃም ምቱን የዘነጋች ከመሰላቸው፣ ምቱን የሚቆጥሩበትን የራሳቸውን ጭን መምታት ትተው የእሷን ይመታሉ። ሰው እያጨበጨበ፣ እሳቸው ፈገግ እንዳሉ፣ «ከእኔ በፊት ተንፍሰሻል» ይሏታል።

ዘንድሮ የራጃም ድምፅ ላይኛው ጋ መድረስ አቃተው። የሁለቱ መነሻ ድምፅ አንድ ነው፤ ከአርባ ዓመት በፊት አባታቸው የመረጡላቸው። ለታላቋ እስካሁን ልክ ነው፤ ለታናሿ ተራራ ሆነባት። የታኅሣሡ ትልቅ ኮንሰርት ሳምንት ሲቀረው፣ ልምምዱን መሃል ላይ አቋረጠች።

«እትዬ፣ ለብቻሽ ዝፈኚ። እኔ በቃኝ።»

«ሙቅ ውሃሽን ጠጪ።»

«መነሻውን ትንሽ ዝቅ ብናደርገው...»

«አባባ የሰጡንን? አይነካም!»

ራጃም እንባዋን ይዛ ጓዳ ገባች። እኔም በልቤ «ክፉ ሴትዮ» አልኳቸው። ይቅር ይበሉኝ።

በኮንሰርቱ ቀን፣ መጋረጃው ሳይነሳ፣ እትዬ አላሜሉ ወደ እኔ ዞሩ።

«ታምቡራውን ዝቅ አድርገሽ ቃኚ።»

«ምን ያህል፣ እትዬ?»

«ፊቷ እስኪፈታ።»

ራጃም መነሻውን ለራሷ እያዜመች፣ እኔ ፊቷን እያየሁ ክሮቹን አላላሁ። ግንባሯ ሲፈታ፣ «በቃ፣ እዚያ ጋ» አሉ።

መጋረጃው ተነሳ። እትዬ አላሜሉ ማይክራፎኑን ሳቡ።

«ዛሬ መነሻችንን ዝቅ አድርገናል። እርጅና ጉሮሮዬን ይዞኛል። ታናሼ ደህና ናት፤ እኔን ታገሱኝ።»

ፊት ረድፍ ላይ አንድ ሽማግሌ ራሱን ነቀነቀ። «አይ፣ አለቀላቸው!» ሲል እኔ ድረስ ተሰማኝ።

«እትዬ፣ ጉሮሮሽ ምን ሆነ?» አለች ራጃም በሹክሹክታ።

«ዝፈኚ ብዬሻለሁ!»

ዘፈነች። ድምፅዋ ሳይጨነቅ ወጣ፣ ወጣ፣ ጣሪያው ሥር እንደ ንጋት ጉም ተንጠልጥሎ ቀረ። ታላቋ ግን አዲሱ መነሻ ለእሳቸው ጉሮሮ ዝቅ ብሎባቸው፣ ዜማው ወደ ታች በወረደ ቁጥር ይጠፋሉ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ የሚወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው። እኔ መድረክ ላይ አፌን ከፍቼ አላውቅም። ያን ጊዜም አልከፈትኩም፤ ከንፈሬን ገጥሜ የጎደላቸውን ድምፅ አንጎራጎርኩላቸው።

እትዬ አላሜሉ ዞር እንኳ አላሉም።

«ከፍ አድርጊው እንጂ» አሉኝ፤ «እንዲህ ሆኖ ማን ይሰማሻል?»