ለልጅ ልጄ የተሰላው የፖሊስ ድርሻ

ቤት የሚሠራ ሰው ጠላቱ ዝናብ ነው ይባላል። እኔ እንኳ አላምንም። ዝናብ ቢያንስ ቅጽ አያስሞላም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ ሰናይት አቦምሳ ከተማ ነርስ ነበረች። ባሏ ቶላም እዚያው ፖሊስ ነው፣ ሳጅን። ሁለቱም ወደ አሰላ ተዛወሩ። የአምስት ወር ሕፃን አለቻቸው። የአሰላን ብርድ መቼም ታውቁታላችሁ፤ ጨቅላ ይዞ ቤት ለቤት ኪራይ የሚጠየቅበት አይደለም። ስለዚህ ጓሮዬ ውስጥ ሁለት ክፍል ልሠራላቸው ተነሣሁ። ጡረታ የወጣሁ የሒሳብ መምህር ነኝና ብሎኬት አይታሰብም። እንጨትና ጭቃ፣ ከላይ ቆርቆሮ። ግድግዳው ተመርጎ አለቀ። ቆርቆሮ ልናለብስ ስንል ከግንባታ ቢሮ ሰው መጥቶ አስቆመን። ፈቃድ አለኝ ብዬ ወረቀቴን ባወጣ፣ ፈቃዱስ አለ፣ የፖሊስ ድርሻው ነው የቀረው አለኝ።

የምን የፖሊስ ድርሻ? አዲስ ቤት አዲስ ሰው ያመጣል፣ አዲስ ሰው ለፖሊስ ሥራ ይጨምራል፣ ስለዚህ ቤት የሠራ ሁሉ ለፖሊስ ጣቢያው ማስፋፊያ ይክፈል ተብሏል። እውነቱን ልናገር፣ ሐሳቡ ክፉ አይደለም። የሰፈራችን ጣቢያ ጠባብ ነው፤ ከሳሽና ተከሳሽ አንድ አግዳሚ ላይ ተጠጋግተው ነው የሚቀመጡት። ያቃጠለኝ ስሌቱ ነው።

ቢሮ ስሄድ የሚያሰላው ደረጀ ሆኖ አገኘሁት። ስድስተኛ ክፍል ያስተማርኩት ልጅ ነው። ቲቸር ብሎ ተነሥቶ ወንበሩን ለቀቀልኝ። ደስ አለኝ፤ የዋህ ነኝ። ከደረት ኪሱ ካልኩሌተር አወጣና ስንት ሰው ይገባል አለኝ። ሁለት ሰውና አንዲት ሕፃን አልኩት። ሦስት ብሎ ጻፈ።

ሕፃኗ ገና መዳህ እንኳ አልጀመረችም፣ ፖሊስ ምን ያደርግላታል ብዬ ተከራከርኩ። ቲቸር፣ ፖሊስ ለበዳይ ብቻ ሳይሆን ለተበዳይም ነው፣ እሷም ልትዘረፍ ትችላለች አለኝ። ምኗን? ጡጦዋን? እሺ፣ ሰናይትስ እዚሁ ተወልዳ እዚሁ ያደገች ናት፣ እንዴት አዲስ ሰው ትባላለች? ወጥታ ስለተመለሰች አዲስ ናት አለኝ። አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ ማለት ይኼኔ ነው።

የመጨረሻዋን ካርዴን መዘዝኩ። ባልየው ፖሊስ ነው አልኩት፤ ይህ ሰው የፖሊስን ሥራ የሚያቃልል እንጂ የሚጨምር አይደለም፣ ስለዚህ እሱን ቀንስልኝ። ደረጀ አሰበ። ቅጹን ከፊት አየው፣ ገልብጦ አየው። ከዚያ በትሕትና፣ ቲቸር፣ ቅጹ ማባዣና መደመሪያ እንጂ መቀነሻ የለውም አለኝ። መቀነስን ያስተማርኩት እኔ ነኝ!

ይሁን፣ እከፍላለሁ አልኩ። አይቻልም፤ መጀመሪያ ኮሚቴ ያጸድቃል። ኮሚቴው ሐሙስ ሐሙስ ይሰበሰባል። የመጀመሪያው ሐሙስ አንዱ አባል ሮቤ ለቅሶ ሄደ። ሁለተኛው ሐሙስ መብራት ጠፋ። አናጢዬ ኦቦ ገመቹ በየቀኑ ወደ ጭላሎ ተራራ እያየ፣ ጋሼ፣ ደመናው ኮሚቴ አይጠብቅም ይለኛል። ለደረጀ ይህንኑ ብነግረው፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ብሎ መከረኝ። እኔን!

ሦስተኛው ሐሙስ ሳይደርስ ዝናቡ ደረሰ። ሌሊቱን ሙሉ ወረደና የውስጠኛው ክፍል ግድግዳ ተኛ። ሰናይት ልጇን አዝላ የደረሰችው በማግሥቱ ነው። ጭቃውን አየች፣ እኔን አየች። ቢሮ ውስጥ ያልሰጠሁትን ስድብ ሁሉ ለዶማዬ ሰጠሁት። አንድ ወር ሳሎኔ ውስጥ ተጣበን ከረምን፤ ሕፃኗ ስትስል እኔ ነበርኩ የማልተኛው።

በመጨረሻ ጸደቀ፣ ከፈልኩ፣ ግድግዳውን ደግሜ አቆምኩ፣ ቆርቆሮውም ለበሰ። የጣቢያው ማስፋፊያስ? ገና ገንዘቡ እየተሰበሰበ ነው። ሰፈርተኛው ግን ጓሮዬ ሳጅን መኖሩን ሲሰማ ምን ሊያደርግ ጣቢያ ይሄዳል? ዶሮ የጠፋበት ይመጣል፣ በአጥር የተጣላ ይመጣል። ቆመው ሲጠብቁ አሳዘኑኝና አግዳሚ አሠራሁላቸው። ለማስፋፊያው ከፍዬ ማስፋፊያውን ራሴ ሠራሁት ማለት ነው።

ባለፈው ሳምንት ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? ደረጀ። ሞተር ብስክሌቱን ከቢሮው ደጃፍ ሰርቀውበታል። ፊቱ አመድ መስሏል። ቶላ አልገባም ነበርና አግዳሚው ላይ ሰባተኛ ሆኖ ተቀመጠ። እኔም፣ አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። እስቲ ደግሞ አንተ ጠብቅ አልኩ በሆዴ።

ትንሽ እንደቆየ ወረፋውን በጣቱ መቁጠር ጀመረ። ቲቸር፣ እነዚህ ሁሉ ወደዚህ ቤት ነው የመጡት አለኝ። አዎ አልኩት። እኛ እኮ ሦስት ሰው ብለን ነው የሞላነው አለኝ፤ ይሄ እንደገና ይሰላል። እጁን ወደ ደረት ኪሱ ሰደደ።

እስቲ ፍረዱኝ፣ ሞተር ሰርቆ ካልኩሌተር የሚተው ምን ዓይነት ሌባ ነው?