አጭሩ ቋንቋና የወይዘሮ ሎሚ እሸት ቡና

ሚዛን ተፈሪ ውስጥ፣ ለክብሩ ስንል ስሙን የማንጠቅሰው አንድ መሥሪያ ቤት ነበር። ሥራው ገበሬ የለቀመውን እሸት ቡና በመኪና ሰብስቦ ማጠቢያ ጣቢያ ማድረስ ነው። የመኪኖቹ ስምሪት በኮምፒውተር ይሁን ተብሎ ሲወሰን፣ ኃላፊው አቶ ሸዋንግዛው የፕሮግራም ቋንቋ የሚመርጥ ኮሚቴ አቋቋሙ። ኮሚቴውም የተጣለበትን አደራ ክብደት በጥልቀት በመገንዘብ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ሻይና ብስኩት አስፈቀደ።

ለውድድር የቀረቡት የቢሮው ባለሙያዎች ከፈለኝና ነጅዋ ነበሩ። ፈተናው ኮምፒውተሩን «እንኳን ደህና መጡ» ማሰኘት ነው። ከፈለኝ በመረጠው ቋንቋ አንድ መስመር ጻፈ፤ ኮምፒውተሩም ወዲያው «እንኳን ደህና መጡ» አለ። ነጅዋ በራሷ ቋንቋ ገጽ ሙሉ ጻፈች፤ ያም ሆኖ አንዲት ፊደል ስተሻል ተብላ ተመለሰች።

«ይቺ ቋንቋሽ ነገረኛ ናት» አሉ አቶ ሸዋንግዛው።

«አሁን የምትነዘንዘኝ በኋላ ጉድ እንዳልሆን ነው» አለች ነጅዋ። «ፕሮግራሙ ሲሰፋ ያዩታል።»

ከፈለኝ ሐቀኛ ሰው ነበር። «እውነቷን ነው። የእኔው የሚመቸው ለትንሽ ሥራ ነው። ስም ብሳሳት እንኳ ዝም ብሎ ያልፈኛል» አለ።

ኮሚቴው በትሕትናው ልቡ ተነካ። የከፈለኝ ቋንቋ ሰው ፊት የማያሳፍርና ይሉኝታ ያለው መሆኑ ታምኖበት በጭብጨባ ጸደቀ።

በአንድ መኪና ሲሞከር እንከን አልተገኘበትም። ከዚያ መኪኖቹ ሁሉ፣ ቀበሌዎቹ ሁሉ፣ ጣቢያዎቹ ሁሉ ገቡበት። ፕሮግራሙ እያበጠ ሄዶ ከፈለኝ ትናንት የጻፈውን ዛሬ ማግኘት አቃተው። ለቀማው በደራበት ሰሞን «ቴፒ» የሚለውን አንድ ቦታ ላይ አሳስቶ ጻፈው። ቋንቋው እንደ ጨዋነቱ ትንፍሽ ሳይል፣ የቴፒን መኪኖች በሙሉ ቱም ወደምትባለው ሩቅ ከተማ ላካቸው።

ቴፒ አጠገብ ወይዘሮ ሎሚ ከልጆቿ ጋር የለቀመችውን እሸት መንገድ ዳር ከምራ ጠበቀች። መኪና አልመጣም። እሸት ቡና ደግሞ አያድርም፤ በማግስቱ ጆንያው ውስጥ ሞቆ ይሸት ጀመር። ከዚያው ላይ እፍኝ በፌስታል ቋጥራ ሚዛን ድረስ መጣችና አቶ ሸዋንግዛው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው።

«ያሽትቱት» አለች። «የዓመት ልፋቴ ነው።»

አቶ ሸዋንግዛው አሸተቱ። ከልብ አዘኑ። ወዲያው ኮሚቴውን ጠሩ።

«በእኔኛው እንደገና ልጀምረው» አለች ነጅዋ። «ለሚመጣው ለቀማ ይደርሳል።»

«ይፍቀዱላት» ብሎ ከፈለኝም ለመነ።

«ወደ ነገረኛዋ አንመለስም» አሉ አቶ ሸዋንግዛው።

ኮሚቴው ነገሩን በሰፊው መረመረ። ፕሮግራሙ መኪናው አንድ ሲሆን አይሳሳትም። ስለዚህ ችግሩ የመኪኖቹ መብዛት ነው። ከአንዱ በስተቀር ሁሉም ግቢ ውስጥ እንዲቆሙ ተወሰነ።

በተከታዩ ለቀማ አቶ ሸዋንግዛው ለጉብኝት ቴፒ ሲወርዱ፣ ወይዘሮ ሎሚን እሸቷን መንገድ ዳር ከምራ ስትጠብቅ አገኟት።

«የቀሩት መኪኖች የት ሄዱ?» አለቻቸው።

«ቆመዋል እመቤት፤ ሲስተሙ እንዳይሳሳት ነው።»

 ሎሚ ጆንያዋን ተሸክማ ቤቷ ተመለሰች፤ እሸቱንም ሰሌን ላይ አስጥታ በጀንፈል፣ በርካሹ የደረቅ ቡና ዋጋ ሸጠችው።

መሥሪያ ቤቱ ግን ያን ዓመት ያለ አንዳች ስህተት ስምሪቱን በማከናወኑ ተሸለመ። ሽልማቱ አዲስ የጭነት መኪና ነበር። እሱንም አቆሙት።