መደገፊያ ያለው ወንበር

(መገናኛ፣ ረፋዱ ላይ። ወሎ ሰፈር የሚሄድ ታክሲ ሰው እስኪሞላ ቆሟል። ረዳቱ ላጲሶ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይጣራል። ሥሩ የቆመው ሙሉአለም ነው፤ የመሥሪያ ቤት ባጅ ከአንገቱ፣ ምክር ከአፉ የማይጠፋ የሰፈሩ አዋቂ።)

ላጲሶ፦ ወንበሩ ግን መደገፊያ ይኖረው ይሆን?

ሙሉአለም፦ አንተ ሰውዬ! ቋሚ ሥራ ተገኘ ትለኛለህ፣ ጡረታ አለው ትለኛለህ፣ ከዚያ ስለ ወንበር ታወራለህ?

ላጲሶ፦ ቀኑን ሙሉ የሚቀመጡበት ነው ብዬ ነው።

ሙሉአለም፦ የሴራሚክ መጋዘን ነው አላልክም? ስቶር ኪፐር ወንበር ካጣ ካርቶን ላይ ይቀመጣል።

ላጲሶ፦ ካርቶን መደገፊያ የለውም።

ሙሉአለም፦ (ወገቡን እያሸ) የሰው ልጅ መደገፊያው ደሞዝ ነው! ይኸን ጻፈው።

ላጲሶ፦ እስክሪብቶ የለኝም። ወሎ ሰፈር በቦሌ! ወሎ ሰፈር! ... ሰው ግን የሚወደውን ሥራ ትቶ እንዴት ይገባል?

(ሙሉአለም በልቡ አዘነለት። በር ላይ ተንጠልጥሎ መጮህ የሚወደድ ነገር መስሎት!)

ሙሉአለም፦ ስማ፣ ፍቅር ወጥ አይሆንም። ደሞዝ ደሞዝ ነው።

ላጲሶ፦ መጋዘኑ ደግሞ ቡልቡላ ጥግ ነው። የሚያወራው ሰው የለም። ዝም ማለት የማይችል ሰውስ?

ሙሉአለም፦ ሴራሚኩን ያውራዋ! አያቋርጠው፣ አይከራከረው። ከሰው ይሻላል።

ላጲሶ፦ ሰፈሩ «መጋዘን ገባ» ብሎ ቢስቅበትስ?

ሙሉአለም፦ «ኩራት እራት ነው» ያሉት ምሳ የበሉ ሰዎች ናቸው። ደሞዝ ደሞዝ ነው አልኩህ! አንተ ደግሞ ለታክሲ አልተፈጠርክም። ሒሳብ መቀበል እንኳ ትረሳለህ። እኔን ስምንት ወር ሙሉ ረስተኸኛል። እንዳላሳፍርህ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።

ላጲሶ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ዋስ ግን ይፈልጋሉ። ቋሚ ሠራተኛ የሆነ፣ ከመሥሪያ ቤቱ የደሞዝ ደብዳቤ የሚያጽፍ።

(ሙሉአለም ባጁን ቀስ ብሎ ሸሚዙ ውስጥ ከተተ።)

ሙሉአለም፦ እኔ ዋስ በሆንኩህ ደስ ባለኝ። ማኅተም የያዘችው ልጅ ግን ፈቃድ ላይ ናት።

ላጲሶ፦ መቼ ትመለሳለች?

ሙሉአለም፦ የወሊድ ነው።

ላጲሶ፦ ማኅተሙን ይዛ ነው የወለደችው?

ሙሉአለም፦ መንታ ነው የወለደችው።

ላጲሶ፦ እንኳን ማርያም ማረቻት በላት። ዋስ እንኳ ተገኝቷል። እህቴ ፍሬ ነርስ አይደለች፣ ትናንት ፈርማለች።

ሙሉአለም፦ (ትንፋሹ ተመልሶ) ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?

ላጲሶ፦ አንተን። ሰኞ ትገባለህ።

ሙሉአለም፦ ላደርስህ?

ላጲሶ፦ ልትሠራ። ሥራው ያንተ ነው።

(አንዲት ሴትዮ ዘንቢል ይዛ በመሐላቸው አልፋ ገባች።)

ሙሉአለም፦ እኔ... እኔ እኮ ሥራ አለኝ። ባጁን አታይም?

ላጲሶ፦ ከተትከው እኮ። ቢሮ ያለው ሰው በቀን ሁለቴ ነው የሚሳፈረው፤ ጠዋትና ማታ። አንተ ስድስቴ ትመላለሳለህ። እየተመላለስክ ተሳፋሪ ትመክራለህ።

(ሙሉአለም ከስምንት ወር በፊት «የሕይወት አማካሪ» ሊሆን መልቀቂያ ማስገባቱን ለማንም አልተናገረም። ለሚስቱ ለሩሃማ እንኳ። አፈረ፤ ጆሮው ጋለ።)

ሙሉአለም፦ የምወደው እሱን ነዋ። ሰው መምከር።

ላጲሶ፦ አውቃለሁ። ዝም ስለማለት የጠየቅኩህ ለዚያ ነው። የወንበሩም ነገር ወገብህን ስለሚያምህ ነው።

ሙሉአለም፦ ሩሃማ ይኸን ብትሰማ...

ላጲሶ፦ የሥራ ማስታወቂያውን አይታ ያመለከተችልህ እሷ ናት። «ሙሌ ከራሱ በቀር የማንንም ምክር አይሰማም፤ እስቲ አንተ ጠይቀውና ራሱን ይምከር» አለችኝ።

(ሙሉአለም በስምንት ወር ውስጥ ምክሩን የተቀበለ አንድ ደንበኛ አላገኘም ነበር።)

ሙሉአለም፦ ደሞዝ ደሞዝ ነው ያልኩት እኔ ነኝ?

ላጲሶ፦ ሁለቴ። ወሎ ሰፈር! አንድ ሰው ነው የቀረው! አንድ ሰው!

ሙሉአለም፦ ወንበሩ ግን... መደገፊያ አለው?

ላጲሶ፦ ካጣህ ካርቶን አለ። ግባ።

(ሙሉአለም ገባ። ባጁን ከአንገቱ አውልቆ ኪሱ ከተተና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቦርሳውን አወጣ።)

ሙሉአለም፦ ሒሳብ እንካ።

ላጲሶ፦ (በሩን እየዘጋ) እስከ ሰኞ እረሳለሁ። ከሰኞ በኋላ ትዝ ይለኛል።