ጾመኛዋ ቀበሮ

ሰውን በፊቱ «ሌባ» ማለት ነውር ነው። ይህን የማያውቅ አበሻ የለም። ከኋላው ማለት ነውር መሆኑን የነገረኝ ሽማግሌ ግን እስካሁን አልገጠመኝም። እንዲያውም ከኋላ ሲሆን ሐሜት መባሉ ይቀርና «ለሱው አዝኜ ነው» ይባላል፤ ሃይማኖቱ ጠበቅ ላለ ሰው ደግሞ «በጸሎት አስቡት» ይባላል። ችግሩ ነገሩ ፊት ለፊት መነሳት ያለበት ቀን ሲመጣ ነው። ያን ቀን ጥፋቱን የሚሸከም አንድ ፍጡር ያስፈልጋል። አባቶቻችን ይህንን ሲያውቁ «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ብለው ተረቱ። እኛ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ የምንኖር ልጆቻቸው አህያውም ዳውላውም ስለሌለን በቀበሮ ተጠቅመናል።

ነገሩ የዶሮ ነው። አሥራ ሁለት ሆነን ማኅበር አቋቁመን፣ ከከተማው አንድ ሰዓት ከምናምን በሚያስነዳ ኮረብታማ አገር ቁራሽ መሬት ተከራይተን፣ ስልሳ ቀያይ ዶሮዎች እናረባ ነበር። ግሮሰሪ የሚሸጠው ዶሮ ጣዕሙ የተጠቀለለበት ፕላስቲክ ነው ብለን በአንድ ድምፅ ስለተስማማን ነው። በአንድ ድምፅ የተስማማነው በዚህ ብቻ መሆኑን ልብ በሉ። እኔ መጋዘን ውስጥ በሳምንት ሦስት ቀን ረጅም ሺፍት ስለምሠራና ቀሪዎቹን ቀናት ዌስተርቪል ባለው ቤቴ ሶፋ ላይ ስለማሳልፍ፣ የዶሮ ቤቱን ቁልፍ በአደራ ያዝኩ። ሁለተኛው ቁልፍ «ለክፉ ቀን» ተብሎ በሊቀ መንበራችን በጋሽ ታደሰ መኪና ውስጥ ተቀመጠ። ጋሽ ታደሰ በዲቪ ለመጣው ሁሉ ኤርፖርት ሄደው የሚቀበሉ፣ ሥራ የሚያስገቡ፣ የተጣላ ባልና ሚስት የሚያስታርቁ ሰው ናቸው። ክፉ ቀን ስላልመጣ ያንን ቁልፍ ያነሳው አልነበረም። እኔም ለጊዜው አላነሳውም።

ነሐሴ ላይ ዶሮዎቹ መጉደል ጀመሩ።

ቀበሮ መሆኗን መጀመሪያ የተናገሩት ጋሽ ታደሰ ናቸው። እኔም ወዲያው አመንኩ፤ ካመንኩ በኋላ ግን የአሜሪካ ቀበሮ ሥልጣኔ አስገረመኝ። የአገራችን ቀበሮ አጥር ቀዳ ትገባለች፣ ላባ በትና፣ ደም አፍስሳ ትሄዳለች። ይቺኛዋ በበሩ ገብታ በበሩ ትወጣለች፤ ስትወጣም መሸጎሪያውን መልሳ ቁልፉን ትቆልፋለች። አንድ ላባ አትጥልም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ትጾማለች። በፍልሰታ ሁለቱን ሱባኤ አንድ ዶሮ አልጎደለም፤ በፍቺው ዋዜማ ሦስት ጎደሉ። በእንቁጣጣሽ ዋዜማ አራት፤ በመስቀል ሁለት። ከማኅበራችን ጴንጤዎች አንዱ «ጌታ ይመስገን፣ ይቺ ቀበሮ ከኛ ቸርች አይደለችም!» ብሎ አሳቀን። እኔና ጋሽ ታደሰ ከጿሚዎቹ ወገን ብንሆንም አብረን ሳቅን። ያን ጊዜ ልብ ያላልኩት አንድ ነገር፣ ሲስቁ ማንም ወደ እኔ አለማየቱን ነው።

ኅዳር ሲገባ ስብሰባ ተጠራ። አጀንዳ አንድ፤ ቀበሮ። ሁለት ሰዓት ተመክሮ ቀበሮዋ ጥፋተኛ መሆኗ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ፤ በቃለ ጉባኤም ሰፈረ። ከዚያ ፉከራው መጣ። ፎርክሊፍት የሚነዳው ደረጀ፣ ዕድሜው ገና ሠላሳ ያልሞላው፣ ብድግ ብሎ «ዘራፍ!» አለ። ሌላው የአያቱን ግዳይ ቆጠረ። ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለታችንም ልንዘምት ቃል ተገባብተን፣ በቴሌግራም ግሩፓችን የአንበሳ ስዕል ተለጥፎ ተለያየን።

ዓርብ ማታ አንበሶቹ መልእክት መላክ ጀመሩ። አንዱ «ድንገት ኦቨርታይም ኮል አደረጉኝ» አለ። አንዱ መኪናው ጋራዥ ገባች። ሁለቱ ኮንፈረንስ አለባቸው። ደረጀ ወገቡን አመመው። ጋሽ ታደሰ ምንም ሳይጽፉ የተጣመሩ ሁለት እጆች ብቻ ላኩ፤ ጸሎት ይሁን ስንብት አልገባኝም።

«ልትቀር ነው?» አለችኝ ባለቤቴ አስቴር።

«ብቻዬን ምን ልሠራ እሄዳለሁ?»

«ቁልፉ ያለው አንተ ጋ ነው፤» አለችኝ ሳህን እያጠበች፤ «ቀበሮዋን ይዘህ ብትመጣ ይሻልሃል። አለዚያ ቀበሮዋ አንተ ትሆናለህ።»

ሴት ልጅ ነገር ታከርራለች ብዬ ተኛሁ። እንቅልፍ ግን አልወሰደኝም።

የመሬታችን ጎረቤት ሮይ የሚባል ጡረተኛ ገበሬ ነው። ሩቢና ቤንጂ የሚባሉ ሁለት ቴሪየር ውሾች አሉት። እነዚህ ውሾች ቁመታቸው ከጉልበት በታች፣ ንቀታቸው ከራስ በላይ ነው። የአደን ፈቃድ እንዳወጣ የረዳኝም፣ አሮጌ ጠመንጃውን ያዋሰኝም እሱ ነው። ጉልበቱን ኦፕራሲዮን ባይሆን አብሮኝ ይወጣ ነበር። በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ «ቀበሮ መሆኗን በምን አወቃችሁ?» አለኝ።

«በኮሚቴ ተወስኗል።»

«ቀበሮ በር ስትቆልፍ በሰባ ዓመቴ አላየሁም» አለ። ቀጥሎም የውሾቹን ገመዶች እጄ ላይ አስቀምጦ፣ «ሁለት ሰጥቼሃለሁ፣ ሁለት መልስልኝ» አለኝ። ያ ሁሉ ፉከራ ከተባለበት ስብሰባችን እንደዚህች ያለች ቀጥተኛ ዓረፍተ ነገር አልወጣችም።

የአደኑ ዘዴ ቀላል ነው። የቀበሮ ጉድጓድ ሁለት አፍ አለው። ውሻዋ በአንዱ ትገባለች፣ ቀበሮዋ በሌላው ትወጣለች፣ አዳኙ እዚያኛው አፍ ላይ ደቅኖ ይጠብቃታል። ሁለት ሰው ቢኖር አንዱ አካፋ፣ አንዱ ጠመንጃ ይይዛል። አሥራ ሁለት ሰው ቢኖር ምን እንደሚሆን ሮይ አያውቅም። እናንተ ግን ታውቃላችሁ፤ አሥራ አንዱ አስተያየት ይሰጣል።

ሦስት ኮረብታ ወጥቼ ወረድኩ። ቅጠሉ ረግፎ፣ መሬቱ ከላይ አመዳይ ከታች ጭቃ ሆኖ፣ በአገሬ ቁልቁለት ስሮጥ ያደገ ጉልበቴ የመጋዘን ሲሚንቶ እንዳደከመው ነገረኝ። ረፋዱ ላይ ውሾቹ አንድ ወርካ የሚያህል ትልቅ ዛፍ ሥር ቆመው ተንቀጠቀጡ። ቤንጂን አሰርኩ። ሩቢ ሳታስፈቅደኝ ገባች። ከመሬት ውስጥ ጩኸቷ ተሰማ፤ እንደ ታፈነ ስልክ። ከዚያ ጸጥ አለ።

አምስት ደቂቃ፤ አሥር ደቂቃ። ቤንጂ ማላዘን ጀመረ። ተደፍቼ ጆሮዬን መሬት ላይ አደረግኩ፤ ከሩቅ፣ ከሥር፣ ጥፍር ሲቧጭር ሰማሁ። ተቀርቅራለች። ጠመንጃውን ዛፉ ላይ አስደግፌ አካፋውን አነሳሁ።

ሁለት ሰዓት ቆፈርኩ። ሥሩ በአካፋ እምቢ ሲል በእጄ፣ በእጄ እምቢ ሲል በስድብ። አንገቴ ላይ ላቡ በረደ፤ መዳፌ ውሃ ቋጥሮ ፈነዳ። ስለ ዶሮ ማሰብ ከተውኩ ቆይቻለሁ። የማስበው ሮይን በረንዳው ላይ ነበር፤ አንድ ውሻ ይዤ ስመለስ ምን እንደምለው። «በኮሚቴ ተወስኗል» ልለው ነው?

አፈሩ ድንገት ተደረመሰና የሩቢ ቂጥ ብቅ አለ። በሥርና በድንጋይ መካከል ተሰንጋ ነበር። ጎትቼ አወጣኋት። ከንፈሯ ተቀዷል፣ ዓይኗ በጭቃ ተደፍኗል፣ ጭራዋን ግን ትቆላለች። ሸሚዜ ውስጥ ከትቼ አቀፍኳት። ውሻ ነክቶ መታጠብ ያለበት እጄ አፏን ሲጠርግ አላፈረም።

ያኔ ነው የቀበሮዋ መኝታ ቤት ከነጓዳው ፊቴ የተከፈተው። በሆዴ ተኝቼ የስልኬን መብራት አበራሁ። የጥንቸል ጠጉር አለ። የአይጥ አጥንት አለ። የተነከሰ የበሰበሰ ፖም አለ። የአንድ ሰው ጫማ ሶል አለ። ላባ የለም። ቀይም፣ ነጭም፣ አንዲት ላባ። ስልሳ ዶሮ በአፍንጫዋ ሥር እያደረ፣ ይቺ ምስኪን በአይጥ ነው የምትኖረው።

በሌላኛው አፍ ወጣች። አልሮጠችም። አርባ እርምጃ ያህል ሄዳ፣ ኮረብታው ጫፍ ላይ ዘወር ብላ አየችኝ። ጠመንጃውን አነሳሁ፤ አነጣጠርኩም። የአስቴር ቃል በጆሮዬ ነበር። ጣቴን ባጥፍ ስሜ ነጻ ነው፤ ሬሳዋን ግሩፑ ላይ መለጠፍ ብቻ ነው የሚቀረኝ። ነገር ግን ቤቷን ፈትሼ ነጻ መሆኗን አይቻለሁ። ፍርድ ቤት ቢሆን ይፈታታል፤ እኔ ከፍርድ ቤት አንሳለሁ? ደግሞም፣ አልኩ በሞኝነቴ፣ ያየሁትን ብናገር ወንድሞቼ ያምኑኛል።

አፈሙዙን ዝቅ አደረግኩ። ሄደች።

ሮይ ሁለት ሰጥቶኝ ነበር፣ ሁለት መለስኩለት። የሩቢን ከንፈር አይቶ ትከሻዬን መታ አደረገ።

እሑድ በስብሰባው ላይ ተነሳሁ። የቆሰለ መዳፌን ዘርግቼ፣ ያየሁትን ሁሉ ከጥንቸሉ ጠጉር እስከ ጫማው ሶል ዘርዝሬ፣ «ቀበሮዋ ንጹሕ ናት» ብዬ ደመደምኩ።

ሰው ሁሉ የጫማውን ክር መረመረ። በመጨረሻ ጋሽ ታደሰ ተነስተው መጥተው እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉ።

«ወንድሜ፣ ያለፈ አለፈ። ማንም ምንም አላለህም። አንተም ደክሞሃል፤ ቁልፉን ለወጣት ስጥና ትንሽ እረፍ።»

ቁልፉን ለደረጀ ሰጠሁ። ተጨበጨበ። ለምን እንደተጨበጨበ የገባኝ ፓርኪንግ ላይ ደረጀ እየሮጠ ሲደርስብኝ ነው።

«ጋሼ፣ ምን ነካዎት?» አለኝ፤ ከልቡ አዝኗል። «እኛ እኮ እርስዎን ላለማሳፈር ነው ቀበሮ ያልነው! አንዷን ገድለው ቢመጡ በቃ፣ እዚያው ያልቅ ነበር። ማንም ያልመጣው ለምን ይመስልዎታል? እንዳይሳቀቁ ብለን ነው። ቀበሮዋን ነጻ ሲያወጧት ታዲያ ማን ቀረ?»

«እኔ ነኝ የምትሉት ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከፍልሰታ ጀምሮ» አለኝ፤ ቀጠል አድርጎም፣ «ግን ሁላችንም በጣም ነው የምንወድዎት» አለኝ።

አያችሁ ጨዋነት? አሥራ አንድ ሰው ሦስት ወር ሙሉ ሌባ ነው እያለ፣ አንድ ቀን እንኳ ፊቱን ሳያጠቁርብኝ፣ ሰላምታው ሳይቀንስ፣ በዓል በመጣ ቁጥር እየሳመኝ ኖረ። እንዲህ ያለ ትዕግሥት ጻድቃንም አልነበራቸውም።

ከዚያ የገና ጾም ገባ። አርባ ምናምን ቀን አንድ ዶሮ አልጎደለም። ቁልፉ ከእኔ ከተወሰደ ወዲህ ሰላም ሆነ ማለት ነው። ሰዎች ሲያገኙኝ ከድሮው የበለጠ ሞቅ አድርገው ይስሙኝ ጀመር፤ ንስሐ የገባ ሰው እንደሚሳመው።

በገና ዋዜማ አምስት ጎደሉ።

በገና ሰሞን ሂልቶፕ የሚባል ሰፈር ለቅሶ ነበርና ጋሽ ታደሰ «በኔ መኪና እንሂድ» ብለው ወሰዱኝ። ብሮድ ስትሪት ላይ ቀይ መብራት ይዞን ሳለ፣ አንገታቸውን እየነቀነቁ «ያቺ ቀበሮ እንደገና ጀመረች አሉ» አሉኝ። ወደ እግሬ አየሁ። ምንጣፉ ላይ፣ ከጫማዬ አጠገብ፣ አንዲት ቀይ ላባ ተጋድማለች። ያን ቀን ሙሉ፣ ጉድጓድ ውስጥ በሆዴ ተኝቼ የፈለግኳት ላባ።

ምን ያደረግኩ ይመስላችኋል? ጩኸት? ክስ? አንስቼ ዳሽቦርዱ ላይ ማስቀመጥ? ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ኤርፖርት የተቀበሉኝን ሰው፣ ለቅሶ እየወሰዱኝ፣ በገዛ መኪናቸው? እግሬን አነሳሁና ላባዋ ላይ አሳረፍኩት። እንዳያዩዋትና እንዳይደነግጡ ብዬ። እስከ ለቅሶው ቤት ድረስ አላነሳሁትም።

በማግስቱ ደረጀ ደወለ።

«ጋሼ፣ እነዚያ ውሾች አሁንም አሉ?»

«አሉ። ምነው?»

«ቀበሮዋን ላድናት ነው። የእርስዎ ጊዜ ሌላ ነበር፤ አይቀየሙኝ። የአሁኗ ግን እውነተኛ ቀበሮ ናት! ትናንት ማታ በኮሚቴ ተወሰነ። ጋሽ ታደሰ ራሳቸው ናቸው ያሉት። ቅዳሜ ሁሉም ይመጣሉ፤ ዘራፍ ሲሉ ነው ያመሹት። እርስዎም ይመጣሉ አይደል?»

ድምፁ ውስጥ እንዲህ ያለ እምነት ነበር። የኔ የኅዳሩ እምነት ነው፤ ወዲያው አወቅኩት።

«ደረጀ፣ ያቺ ቀበሮ እኮ…» ብዬ ጀመርኩ።

«አቤት ጋሼ? ቀበሮዋ ምን?»

አስቴር ከጓዳ በር ላይ ቆማ ታየኛለች።

«…ብልጥ ናት። ተጠንቀቅ። አካፋ አትርሳ» አልኩት። «እኔ እንኳ ቅዳሜ ኦቨርታይም አለብኝ።»