የእጣቢው አቤቱታ

ትናንት በቀትር፣ ፀሐይ አናት በምትበሳበት ሰዓት፣ በካምፓችን ሮቶ ጥላ ሥር ጋደም ብዬ ሰው በጀሪካን ሲቆጠር አየሁ። ሕልም ነው። ሕልሙን ከማውራቴ በፊት ግን ሆዴ በምን አዝኖ እንደተኛሁ ልንገራችሁ።

ካምፓችን ቆላ ውስጥ ነው። ውሃ በቦቴ የሚመጣልን በአምስት ቀን አንዴ ሲሆን፣ ቦቴው ከዘገየ ምላሳችን ላንቃችን ላይ ይጣበቃል። የውሃው ኃላፊ እኔ ሃምሳ አለቃ ዘርጋው ነኝ፤ ወታደሩ ሲያሾፍብኝ “የሮቶው እናት” ይለኛል። ሁለት ወር ለፍቼ ከመታጠቢያውና ከወጥ ቤቱ የሚወጣውን እጣቢ የሚሰበስብ ቦይ ቆፈርኩ። ቦዩ በሮቶው ሥር አልፎ አንድ ትልቅ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፤ ውሃውን አፈሩ እንዳይመጠው አሮጌ የመኪና ሸራ አንጥፌበታለሁ። ከዚያ ወዲህ መኪና የሚታጠበው፣ የሰልፍ ሜዳው አቧራ የሚረጨውና ሦስቱ ፓፓያዎቼ የሚጠጡት በእጣቢ ነው። የቦቴው ውሃ ለጉሮሮ ብቻ ሆነ።

ከዚያ ነገ ጎብኚ ይመጣል ተባለ። አዛዣችን ሻምበል ውብነህ በኖራ የተቀቡትን የመንገድ ዳር ድንጋዮች አንድ በአንድ እየመረመሩ መጥተው ቦዬ ላይ ቆሙ።

“ይሄ ምንድን ነው? ሠራዊት በእጣቢ ይኖራል ይበሉን?”

“ሻምበል፣ አንድ ጊዜ የታጠብንበትን ደግመን . . .”

“የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ሲባል አልሰማህም? እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ድፈነው!”

ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። አምና ወባ የጣለኝ ጊዜ የራሳቸውን ኮዳ ይዘው ሲያንጠባጥቡልኝ ያደሩት እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ልጠላቸው ብሞክርም አልሆነልኝም። ጉድጓዱ ውስጥ የቀረውን እጣቢ ለፓፓያዎቹ አጠጣሁና ሸራውን ጥርግ አድርጌ ወለወልኩት። ሟች ሳይታጠብ አይቀበርም ብዬ ነው። በዚህ መሀል ቦቴው ደረሰ። እንደ ልማዴ የሮቶውን የታች ቧንቧ ከፍቼ ዝቃጩን አስወጣሁ። ሾፌሩ የውሃ ጎማውን በሮቶው አፍ ከቶ ለቀቀውና ወደ ምሳው ሄደ። እኔም የምደፍንበትን አካፋ ታቅፌ አረፍ አልኩ፤ እዚያው እንቅልፍ ጣለኝ።

ፊሽካ ተነፋ። ሮጬ ስደርስ ቢጫ ጀሪካኖች በየቁመታቸው ሜዳው ላይ ተሰልፈዋል። እኛ ወታደሮቹ መጋዘን ውስጥ ተደርድረናል፤ ቆባችን ክዳን ሆኖ አናታችን ላይ ጥብቅ ተደርጎ ተጠምዝዟል። ሰላምታ ልሰጥ እጄን ባነሳ አልነሳ አለኝ፤ ለካ ማንጠልጠያ ሆኗል። አፉ የተሸረፈና ትከሻው ላይ ማዕረግ የደረበ ጀሪካን በመካከላችን ይንጎራደዳል።

“ስንት ሰው ቀርቶናል?” አለ።

“መቶ ሃያ፣ ጌታዬ። አንዷ ግን ታፈሳለች” አለ ትንሹ ጀሪካን።

“የቷ?”

“የወጥ ቤቷ ኃላፊ፣ አስር አለቃ ዓይናለም። ሽንኩርት ባየች ቁጥር ነው።”

“በሳሙና ድፈኗት!”

ዓይናለም በሳቅ ፈረሰች፤ ስትስቅ ደግሞ ባሰባት። ጀሪካኖቹ ደንግጠው ኩባያ ይዘው ሥሯ ተሽቀዳደሙ።

ወዲያው መጋዘኑ መኪና ማጠቢያ ሆነ። አሮጌው የጭነት መኪናችን ኦራል ሻምበል ውብነህን በኮሌታቸው አንጠልጥሎ በአንዲት ኩባያ ውሃ ያጥባቸዋል።

“በአንድ ኩባያ ብቻ?” ብለው ጮኹ ሻምበሉ።

“ዝም በል፣ ጆሮህን አዙር” አለ ኦራሉ። “ቦዩ ሳይቆፈር እኔን በሁለት መቶ ሊትር ንጹህ ውሃ ታሳጥበኝ አልነበር? የጎረቤት ፍየል ምላሷን አውጥታ እያየችኝ! በሀፍረት ሞተሬ አልነሳ ያለውን አንተ ባትሪው ደከመ ብለህ ሪፖርት ጻፍክ።”

“አላወቅኩም ነበር” አሉ ሻምበሉ፣ አረፋ እየተፉ።

“አልጠየቅከኝማ።”

ሳቄን ልይዘው አልቻልኩም። ቀና ስል ግን ችሎት ፊት ቆሜያለሁ። ዳኛዋ መካከለኛዋ ፓፓያዬ ናት። መነጽር አድርጋለች። እኔን ስታይ እንደማታውቀኝ ሆነች፤ ሁለት ወር ሙሉ አጠጥቻት! ዳኛ ስለሆነች ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

“አቤት ባይ ይግባ” አለች።

እጣቢ ገባ። የክብር ልብስ ለብሷል፣ አረፋው እስከ አንገቱ ተቆልፏል፣ ደረቱ ላይ የሽንኩርት ልጣጭ እንደ ሜዳሊያ ተንጠልጥሏል። ጀሪካኖቹ በሙሉ ብድግ አሉ።

“አገልግሎትህን አስረዳ።”

“ክብርት ዳኛ፣ ዛሬ ማለዳ የሻምበሉን ፊት አጠብኩ። በዚያው ሳፋ ውስጥ ካልሲያቸውን አጠብኩ፤ ስለ ካልሲው ዝርዝር አልናገርም፣ የሰው ክብር እጠብቃለሁ። ከዚያ ቦይ ለቦይ ወርጄ የኦራሉን እግር አጠብኩ። የተረፈኝን ለእርስዎ ለራስዎ አጠጣሁ። እርስዎ ፍሬ አፈሩ፣ ዓይናለም ቆረጠችው፣ ሻምበሉ በሉት። ተመልሼ ሆዳቸው ገባሁ ማለት ነው። በአንድ ቀን ይህን ሁሉ ያገለገለ ወታደር ካለ ይቁም!”

ሻምበሉ አንገታቸውን ደፉ።

“የምትጠይቀው ምንድን ነው? ማዕረግ?”

“ማዕረግ አልፈልግም። እኔ ቆሻሻ ነኝ፣ አውቃለሁ። እዚህ አገር ግን ቆሻሻ ለመሆን እንኳ ከመቶ ኪሎ ሜትር በቦቴ ተጭኜ ነው የመጣሁት። መንገዴን አይድፈኑብኝ። ሌላ ጥያቄ የለኝም።”

እንባዬ መጣ። ትንሹ ጀሪካን ኩባያውን አገጬ ሥር ደቀነ።

ዳኛዋ መነጽሯን አወለቀች። “መንገድህን የሚደፍነው ማነው?”

እጣቢው ወደ ሻምበሉ ይጠቁማል ብዬ ስጠብቅ ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ። ዝቅ ብዬ ሳይ አካፋው እጄ ላይ ነው።

“ታዝዤ ነው!” አልኩ። “እኔ ነኝ እኮ የቆፈርኩልህ! እንደ ልጄ . . .”

“አውቃለሁ፣ አባቴ” አለኝ እጣቢው ለስለስ ብሎ። “አሁን ግን እግርህን አንሳ። ልለፍበት።”

“ምን አልክ?”

“እግርህን አንሳ፣ ልለፍ!”

ብንን አልኩ። እግሬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ውሃ ውስጥ ነው። ዘልዬ ተነሳሁና ሮቶውን በጡጫዬ መታሁት፤ እንደ ከበሮ ጮኸ። ባዶ! የታች ቧንቧውን ዝቃጭ ላስወጣበት ከፍቼ ሳልዘጋው ነው የተኛሁት። የቦቴው ውሃ ከላይ ሲገባ ከታች ሲወጣ፣ የመቶ ሃያ ሰው የአምስት ቀን ጉሮሮ እኔ ሳንኮራፋ ሄዷል። ለውሃ ስሳሳ የኖርኩ ሰው በመጨረሻ ውሃ የጨረስኩት እኔ!

ቦዩን ተከትዬ እየሮጥኩ፣ እየወደቅኩ ጉድጓዱ ጋ ደረስኩ። ያጠብኩት ሸራ ላይ ውሃው እስከ አፉ ሞልቶ ያብለጨልጫል። ሻምበል ውብነህ ጫማቸውን አውልቀው፣ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው፣ ውሃው እንዳያልፍ በባዶ እጃቸው በጉድጓዱ ዙሪያ አፈር ይከምራሉ። ለነገው ጉብኝት በኖራ ያስቀቧቸው ድንጋዮች ሁሉ ተነቅለው ግድብ ሆነዋል። ዓይናለም አጠገባቸው በርከክ ብላ በድስት እየጨለፈች ጀሪካን ትሞላለች።

“ሻምበል” አለች፣ ሳቋን አፍና፣ “የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ብለው አልነበረም?”

“ዝም ብለሽ እፈሺ!”

ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። በቁሜ ደረቅኩ። አካፋው አሁንም እጄ ላይ ነው።

“አንተ የመተኛትህን ቅጣት ነገ ትሰማለህ” አሉኝ፣ ጭቃ በጭቃ በሆነ እጃቸው ላባቸውን እየጠረጉ። “አሁን ግን ምን አካፋ አቅፈህ ትገተራለህ? ሌላ ሸራ ፈልግና ቆፍር እንጂ፤ ይሄ ጉድጓድ ጠቦናል!”