ከአሚን በኋላ የወጣች እጅ

የአንድ ሰው ዕድሜ ሲጨመቅ ምን ይወጣዋል? ከአንዱ ልጆች፣ ከአንዱ መሬት፣ ከብዙዎቻችን ትንሽ ሐሜት። ከክቡር መምህር አድማሴ የወጣው ግን አንዲት እጅ ናት፤ ስብሰባ ሊበተን፣ ሰው ጋቢውን አስተካክሎ ሊነሳ ሲል ብድግ የምትል እጅ። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት አገር የለም። ካለም ገና መሰብሰብ አልጀመረም።

አድማሴ አዲስ አበባ ላይ ሁለት ዓመት ፍልስፍና ተምሮ፣ ዩኒቨርሲቲው ሲዘጋ መካነ ሰላም ተመልሶ አስተማሪ ሆነ። አርፎ መቀመጥ አይሆንለትም። እግሩ መሬት ይደልቃል፣ ጣቱ ጉልበቱን ይጠበጥባል፣ ከዚያ "ትርጉሙ ይታወቅ!" ይላል። ባለቤቱ ወርቂቱ "እንብላ" ስትለው እንኳ "ግብዣ ነው ትእዛዝ?" ይላታል።

"እስኪቀዘቅዝ ግብዣ ነው። ከቀዘቀዘ ለውሻው ነው።"

በስድሳ አምስቱ ችጋር፣ ሰው ከወግዲ በኩል እየተንገዳገደ መጥቶ ገበያ ዳር ሲወድቅ፣ የወረዳው ሹም ሰበሰበንና "ርኃብ የለም፤ ዝናብ ትንሽ ዘግይቶ ነው" አለን። እጅ ወጣች።

"ጌታዬ፣ ስንት ሰው እስኪቀበር ነው ‘ትንሽ’ የሚባለው? ትርጉሙ ይታወቅ።"

አድማሴ ወደ አቀስታ ተዛወረ። ብርዱ ሐሳቡን ያበርድለታል ተብሎ ይሆናል።

አብዮቱ ሲፈነዳ ከነእጁ ተመለሰ። ጎረቤቱ ቁርኣን አስተማሪው ሼህ ጀብሪል ነበሩ፤ በአጥር ላይ ይሟገታሉ።

"ሼሃችን፣ መንግሥት ማለት እኮ ሰዎች ተስማምተው ያቆሙት ነገር ነው።"

"መቼ ነው የተስማማነ? እኔ ያን ቀን ገበያ ወርጄ ነበር መሰል።"

"ዝም ካሉ ተስማምተዋል ነው የሚባለው።"

"ወላሂ፣ እኔ ዝም ያልሁት ደክሞኝ ነው።"

ይህ መልስ አድማሴን ሰላም ነሳው። ግቢውን ሲመላለስበት ዋለ።

በስድሳ ስምንት ከደሴ የመጣው ወጣቱ ካድሬ ክንፈ የገበሬ ማኅበሩን ሰበሰበ። "ፊውዳሊዝም ይውደም!" አለ፣ ቡጢውን ሽቅብ ወርውሮ።

"አሚን!" አሉ ሽማግሎቹ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም። በእኛ አገር ምርቃትም ሆነ እርግማን መልሱ አሚን ነው።

"አባቶች፣ ‘ይውደም’ ነው የሚባለው!"

"እኛስ ምን አልነ?"

ሳቅ ሆነ። ክንፈ እኛን ማረሙን ተወና ቀጠለ። ኢምፔሪያሊዝም ይውደም፣ አሚን። አድኃሪ ይውደም፣ አሚን። በዚያው ግለት፣ "ማኅበሩ ሳይፈቅድ የእርዳታ ስንዴ ለቁርኣን ተማሪዎቻቸው፣ ለደረሶቹ፣ ያበሉት ሼህ ጀብሪል ደሴ ወርደው ይታሰሩ!"

"አሚን!"

የሰማነው ከአፋችን ከወጣ በኋላ ነው። ሼሁ ራሳቸው አሚን ብለው ነበር።

ጸሐፊው "በሙሉ ድምፅ ተወሰነ" ብሎ ጻፈ። እጅ ወጣች።

"ጓድ፣ አሚን ማለት ተስማማሁ ማለት ነው? ትርጉሙ ይታወቅ።"

"አንተስ አላልክም?"

"ብያለሁ። አፌ ነው ያለው፤ እኔን አልጠየቀኝም።"

"ሕዝብ ወስኗል! ቁጭ በል!"

"እኔ ከሕዝቡ ብወጣ ሕዝቡ ይጎድላል? ካልጎደለ ልውጣ።"

ወጣም። እሱም ታስሮ ከሼሁ ጋር በአንድ የጭነት መኪና ተጭኖ ደሴ ወረደ።

እነሱ ከሄዱ በኋላ ስብሰባችን በጊዜ ያልቅ ጀመር። አጀንዳ ይነበባል፣ አሚን ይባላል፣ በቃ። ስንት ዓመት የተመኘነው ነገር ነበር። ግን አልቋል ሲባል ቶሎ የሚነሳ ጠፋ፤ ዕቃ እንደረሳ ሰው ወደ ኋላ እየዞርን እንተያያለን። ያ ነዝናዛ ለካ በእኛም ፈንታ ነበር የሚቁነጠነጠው።

መኸር ሲደርስ ሁለቱም ተፈቱ። ሼሁ "አፉ ብያለሁ" ብለው ወደ ደረሶቻቸው ተመለሱ። አድማሴ ግን ቤቱ ሳይገባ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ሄደ።

"ሰውዬውን ፈታችሁ፣ ደግ። አሁን ቃለ ጉባኤው ላይ ‘በሙሉ ድምፅ’ ከሚለው አጠገብ ‘አድማሴ ሲቀር’ ብላችሁ ጻፉልኝ።"

ክንፈ ሳቀበት። ከክንፈ በኋላ የመጣውን ጠየቀ፣ ከዚያም በኋላ የመጣውን። መንግሥት ሲለወጥ አዲሱንም ጠየቀ። ከዘራ ይዞ፣ በር ላይ ቆሞ፣ እግሩን እያወዛወዘ፣ "ትንሽ ቦታ ይበቃታል፣ በወረቀቱ ጠርዝ በኩል ትገባለች" እያለ ጠየቀ። ማንም አልጻፈለትም።