ለእብጠት የተሰጠ ምርቃት

ሰው ሰላም ስንል ዐይናችን ቀድሞ የሚያርፈው ሥጋው ላይ መሆኑን ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? «ከሳህ» ካልን ማዘናችን ነው፤ «ወፈርሽ» ካልን መመረቃችን። መቀሌ ላይ ደግሞ ይብሳል። በእነዚያ ክፉ የጦርነትና የረሃብ ዓመታት የሞገገ ጉንጭ ሲያይ የከረመ ሰው፣ ሞላ ያለ ፊት ሲያጋጥመው ደስ ቢለው ማን ይፈርድበታል? እኔ እፈርድበታለሁ።

የወንድሜ ሚስት ትርሓስ ሰሜን ክፍለ ከተማ ከእኔ ጋር አንድ ግቢ ነው የምትኖረው። የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ሰባተኛ ወሯን እንደያዘች ፊቷ ድንገት ሞላ፤ ቀለበቷ ከጣቷ አልወጣ አለ። ራሷን ያማታል፣ ዐይኗ ላይ ብልጭ ብልጭ ይልባታል። ለማን ትንገር? ጎረቤታችን አደይ ለምለም ጉንጯን ይዘው፣ «ወይ ጓለይ፣ ልጄ! ወፍረሽ እንዴት አማረብሽ! እርግዝናው ተስማምቶሻል» ይሏታል። የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቿ፣ ሽንኩርት የምትሸጥላት ሴት፣ ወንድሜ ራሱ፣ ሁሉም ያንኑ። ራስ ምታቱን ስታነሣማ «የሁላችንም እንዲያ ነበር» ተብላ ዝም ትላለች። ይቺ «የሁላችንም እንዲያ ነበር» የምትባል ነገር ስንቷን እናት ቀብራለች! የሞቱት ተነሥተው «የእኛስ እንዲያ አልነበረም» አይሉ።

እኔ ለሥራ ዓዲግራት ከርሜ ስመለስ እግሯን በአውራ ጣቴ ጫን አደረግኩት። ጎድጉዶ ቀረ። ሁለተኛ ልጄን ሳረግዝ ደም ግፊት ይዞኝ ስለነበር አላመነታሁም፤ ከነባሏ ጎትቼ ሐኪም ቤት ወሰድኳት።

ሐኪሟ ግፊቷን ለካች፣ በአልትራሳውንድም አየቻትና ፊቷ ተለወጠ። «ይኼ ውፍረት አይደለም፣ የደም ግፊት ያመጣው እብጠት ነው፤ ከእናትየዋ ወደ እንግዴ ልጁ የሚሄደው ደም ቀንሷል» አለችን። «ልጅቷ ምግብም አየርም የምታገኘው በሱ ነው። ሲያንሳት ያለውን ወደ አንጎሏ ታዞራለች፣ ሌላው አካሏ ይጎዳል። ይኼም ቢሆን ብዙ አያዛልቃትም፤ አንጎሏም ሊጎዳ ይችላል።»

«ግን እኮ ወፍራ ነበር!» አለ ወንድሜ። በጥፊ ብለው ደስ ባለኝ።

አስቡት እስቲ። ያልተወለደች ልጅ፣ በጨለማ ተቀምጣ፣ ያቺን ጥቂት ደሟን የት ማዋል እንዳለባት ታውቃለች። እኛ ሙሉ ደም ይዘን ሁሉንም ምላሳችን ላይ አዋልነው።

በኦፕራሲዮን ተወለደች፤ ጊዜዋ ሳይደርስ፣ እፍኝ የማትሞላ። ማሞቂያ ክፍል ሰንብታ ስትወጣ ትርሓስ ሐኪሟን፣ «አንጎሏ ደኅና ነው?» ብላ ጠየቀቻት። «አሁን መናገር አልችልም» አለች ሐኪሟ። «ስትቀመጥ፣ ስትሄድ፣ አፏን ስትፈታ፣ እየተከታተልን ነው የምናውቀው።»

ቤት ስንገባ ጠያቂው ጎረፈ። አደይ ለምለም ልጅቷን አየት አድርገው፣ «እንዴት ያለች ጨዋ ናት! ድምጿ እንኳ አይሰማም» አሉ። ትርሓስ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ደሜ ፈላ። «አደይ፣ ስለ እመቤታችን ብለው ይቺን እንኳ አያሞግሱብን!» አልኳቸው። ነጠላቸውን ሰብስበው ወጡ። ተቀየሙኝ። ይቀየሙ።

ክትባት ተወግታ የመጣች ዕለት ልጅቷ ግቢው እስኪናወጥ ጮኸች። አደይ ለምለም ኩርፊያቸውን ረስተው ሮጠው መጡ። ጩኸቱ ለትርሓስ ጥያቄ መልስ እንደማይሆን አውቃለሁ፤ መልሱን ገና ዓመታት እንጠብቀዋለን። ትርሓስ ግን ታቅፋት ትስቃለች፣ እንባዋም ይወርዳል።

«ኧረ ዝም አሰኟት!» አሉኝ አደይ።

«እናቷን ዝም አሰኝተን አይተነዋል» አልኳቸው። «እሷ ትጩኽ።»